ሙሽራዋ እስክትቀመጥ

መግቢያው ሃያ ሦስት ድምፅ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ቫዮሊኑ ብቻውን ይጀምራል፤ ከበሮውም፣ ኦርጋኑም፣ ቤዝ ጊታሩም ዝም ይላሉ፤ ዘፋኙ ማይኩን ይዞ ይጠብቃል። እዚህ መተማ ዮሐንስ ከነጋዴዎቹ ቤት ልጅ ስትዳር ሙሽራዋ ወደ ድንኳኑ የምትገባው በዚህ መግቢያ ነው። ዘፈኑ ድሮ ከማዶ፣ ከሱዳን የመጣ የሠርግ ዘፈን ነው። ግጥሙን በቅጡ የሚያውቀው ሰው ግማሽ አይሞላም፤ መግቢያውን ግን የባጃጅ ሾፌሩም ያፏጨዋል፣ ሰሊጥ ተሸካሚውም ያፏጨዋል።

እኔን የያዘኝ አሥራ አራተኛው ድምፅ ነበር።

እስከ አሥራ ሦስተኛው ድረስ ግራ እጄ የቫዮሊኑ አንገት ጫፍ ላይ፣ የለመደው ቦታ ላይ ነው። አሥራ አራተኛው ላይ ግን መላው እጅ ወደ አገጭ ይንሸራተትና ትንሿ ጣት ምንም ምልክት የሌለበት ቦታ ላይ መውረድ አለባት። የሰሊጥ ፍሬ ያህል ከሳተች ድምፁ ዘይት እንዳልነካው የበር ማጠፊያ ይሆናል። የሰሊጥ ፍሬ የምለው እንዲሁ ለማሳመር አይደለም፤ ለክቼዋለሁ። ሥራዬ ሰሊጥ ነው። ከደጋ የወረድኩት ለአረም ነበር፤ ኮኪት አካባቢ ሁለት ክረምት ካረምኩ በኋላ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ መጋዘን የማበጠሪያ ማሽን ላይ ቀጠረኝ። ወንፊት እቀይራለሁ፣ ቀበቶውን እወጥራለሁ፣ ገለባና ጠጠር እንዳይቀላቀል አያለሁ። ብዙ አላወራም። ማሽኑ አጠገብ ብዙ ማውራትም አይቻልም።

ቫዮሊኑን የገዛሁት ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። እሱም ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም፤ ከፍራሽና ከቬንትሌተር መሃል አውጥቶ «ጊታር ነው፣ ትንሽ ጊታር» ብሎ ነው የሰጠኝ። ያስተማረኝ ሰው የለም። ኔትወርክ ሲኖር ከስልኬ ላይ ቪዲዮ አወርዳለሁ፤ ሳይኖር የወረደውን በግማሽ ፍጥነት እያየሁ ጣቶቹ የት እንደሚያርፉ በእርሳስ እጽፋለሁ። ለብቻ መማር መጥፎ ጎኑ፣ የሚያስቅ ስህተት ስትሠራ ቶሎ የሚስቅብህ አለመኖሩ ነው። የደጋኑ የፈረስ ጭራ ሙጫ እንደሚቀባ ከቪዲዮ አየሁ። ሙጫ ደግሞ እኛ አገር ምን ጠፍቶ! ከመጋዘናችን ጎን ከየበረሃው የመጣ የዕጣን ሙጫ በጆንያ ተከምሯል። አንድ ጠብታ ለምኜ ወሰድኩና ጭራውን አሸሁት። በዚያ ሙቀት ሙጫው ቀለጠ፤ ደጋኑ ክሩ ላይ ተጣበቀ፤ ስጎትተው ደግሞ ቫዮሊኑ ከነሙሉ አካሉ ከትከሻዬ ተነሥቶ ተከተለኝ። ክፍሌ ለሁለት ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ሸተተ። የቤት አከራዬ፣ ከጎጃም የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው፣ በመጋረጃው አጮልቀው «አንተ ልጅ፣ ክህነት ተቀበልክ እንዴ?» አሉኝ።

አሁን ስለ ሐጂ ልንገራችሁ። ሐጂ ከመጋዘናችን ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ቫዮሊንን ከመንጃ ይሉታል። እኔ ሳልመጣ በፊት በዚህ ከተማ የተዳረች የነጋዴ ልጅ ሁሉ በእሳቸው ከመንጃ ነው የገባችው። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ የሱቃቸው የብረት በር ግራ እጃቸው ላይ ወርዶ ሁለት ጣቶቻቸው አልታጠፍ አሉ። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ሱቁ ውስጥ ከጨርቆቹ በላይ ተሰቅሎ ነበር። የመጨረሻዋ ልጃቸው ደግሞ ልትዳር ነው፤ ከአረፋ በኋላ ባለው ሁለተኛ ቅዳሜ። ልጅቷ ሕፃን ሆና የሰው ሠርግ ላይ ከአባቷ ወንበር ሥር ቁጭ እያለች ነው ያደገችው፤ የእኔ ቀን ሲደርስ አንተ ታስገባኛለህ ስትላቸው ኖራለች። የባንዱ ኦርጋን ተጫዋች «ችግር የለም ሐጂ፣ ኦርጋኑ ውስጥ የቫዮሊን ድምፅ አለ፤ አንድ ቁልፍ ነው» ብሏቸዋል። እሳቸውም ያን ለት ምሳ አልበሉም ይባላል።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ማሽኑ ቆሞ ጆንያ ላይ ተቀምጬ መግቢያውን ስሞክር ሐጂ በሩ ላይ መጥተው ቆሙ። እስከ ሃያ ሦስት ጠበቁኝ። አሥራ አራተኛው ላይ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያ ወለድ፣» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፣ «ስልክ ነው የምትደውለው?»

«አይ ሐጂ፣ ቫዮሊን ነው።»

«አየሁት። ቁጥሩን አንድ በአንድ ትነካለህ። አንዱን ብቻ ነው የሳትከው። ግን ባትስተውም ማንም አያነሳልህም።»

መጋዘኑ ውስጥ ምሳ የሚበሉት ተሸካሚዎች ሳቁ። ከወሎ የመጣ አንድ ረጅም ተሸካሚ «ሒሳብ ሞልተህ ሞክር!» አለኝ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ጆንያው ላይ ከጎኔ ተቀመጡና የልጃቸውን ነገር ነገሩኝ። «ሦስት ሳምንት አለ። በኦርጋን አላስገባትም፣ ወላሂ። ካልሆነልህ ዝም ብላ በእግሯ ትገባለች፤ እኔም ዝም ብዬ አያለሁ። ይሆንልሃል ወይስ አይሆንልህም?»

 እሺ ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። 

በዚያው ዕለት ሥራ ጀመርኩ። ዘዴዬ ይህ ነበር፦ አሥራ አራተኛውን ድምፅ ለብቻው፣ ከዚያ አሥራ ሦስትና አሥራ አራትን፣ ከዚያ አሥራ ሁለትን ጨምሬ፣ እንዲህ ከኋላ ወደ ፊት። ቪዲዮው ላይ አንድ ሰውዬ በተከታታይ አሥር ጊዜ ሳትሳሳት ካልተጫወትከው አልቻልከውም ብሏል። ስለዚህ አሥር የማሽላ ፍሬ ደጃፌ ላይ በግራዬ ደረደርኩ። አንዴ በትክክል ስጫወት አንድ ፍሬ ወደ ቀኝ፤ አንዴ ስስት የቀኙ ሁሉ ተመልሶ ወደ ግራ። የመጀመሪያው ቀን ከሦስት አላለፍኩም። ሁለተኛው ቀን አምስት። ሦስተኛው ቀን ሰባት ላይ ደርሼ፣ ላቤ በጆሮ ግንዴ እየወረደ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ስምንተኛውን ስጀምር የአከራዬ የእትዬ ዶሮ መጣችና ሰባቱንም ለቀመቻቸው።

«እትዬ! ዶሮዋ ሰባት በላችብኝ!»

«ሰባት ምን?»

«ሰባት ትክክል!»

እትዬ ዶሮዋን በመጥረጊያ አባረሩልኝና ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «ሰባት ፍሬ ማሽላ ነው እንዲህ ያስጮኸህ? ና እንካ፣ እፍኝ ሙሉ ልስጥህ!» እፍኝ ሙሉ ቢሰጡኝ ምን ያደርግልኛል! ሰባቱን መልሶ የሚያመጣ ማሽላ የለም። ከዚያ ወዲያ ፍሬዎቹን ኪሴ ውስጥ አደረግኋቸው፤ ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ። እትዬ ግን ከእኔ የባሰ ነገር ደረሰባቸው፤ መግቢያውን ለመዱት። ሰሃን ሲያጥቡ ያንጎራጉሩታል፤ አሥራ ሦስተኛው ላይ ይቆማሉ፣ «እህ» ይላሉ፣ ተመልሰው ከአሥር ይጀምራሉ። ከነስህተቴ፣ እንደገና ከምጀምርበት ጋር ነው የያዙት። እሳቸው ዘፈኑ እንዲያ የተሠራ መስሏቸዋል።

በዘጠነኛው ቀን አሥሩም ፍሬ ቀኝ ኪሴ ገባ። መንገዱን በሩጫ ተሻግሬ፣ ከአንድ ባጃጅ ለጥቂት ተርፌ፣ ሐጂ ሱቅ ገባሁና ሳላስፈቅድ ተጫወትኩት። ሃያ ሦስቱም ንጹሕ። አሥራ አራተኛው እንደ ጥሩ ሚስማር ገባ።

ሐጂ ጨርቅ እያጠፉ ሰሙኝ። «ተማም፣» አሉ፣ ደህና ማለታቸው ነው። «አሁን ስልኩ ጠራ።»

«ተነሣ?»

«አልተነሣም። ሰላም አላልክማ! ሰው ዘንድ ስትገባ ምን ትላለህ?»

«ሰላም እላለሁ።»

«እሱን አይደል የምልህ! ሰላም ትላለህ፣ አንዴ፣ ከዚያ ግድግዳ ታያለህ። ና ቁም እዚህ።» ክንዴን ይዘው ደጃፉ ላይ አቆሙኝ። ከማዶው ከተማ፣ ከገላባት የመጡ ሁለት ሰዎች መንገድ መሃል ተገናኝተው ነበር። አንዱ የሌላውን ትከሻ መታ አደረገ፤ ሌላውም መታ አደረገ፤ እንዴት ነህ፣ ደህና ይባባላሉ። ኬፍ፣ ተማም፣ ኬፍ ሓልክ፣ ተማም፣ ኢንሻአላህ ተማም፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተማም። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል፤ ባጃጁ ጥሩምባ ይነፋባቸዋል፣ እነሱ አልሰሙም። ሐጂ ጆሮዬ ሥር ሆነው «ተማም ስንት ጊዜ አሉ?» አሉኝ።

«አሥራ አንድ።»

«ከእነሱ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት ነበሩ?»

 አልነበሩም።

ሐጂ የቤት ሥራ ሰጡኝ። ለአንድ ሳምንት ቫዮሊኑን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፤ ከዚያ ሌላ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ሳላሳጥር ሰላም እንድል። ሙሉውን፤ ሰውዬውን፣ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ የአገሩን ዝናብ። ለእኔ ከአሥራ አራተኛው ድምፅ ይህ ይከብድ ነበር። በማግስቱ ጠዋት እትዬን እንዴት አደሩ አልኳቸው። ደህና አሉኝ። ደህና ነዎት? አልኳቸው። ደህና ነኝ አሉኝ። እንዲያው እንዴት ነዎት፣ ልጆቹስ፣ ጎጃምስ ዘነበ ወይ አልኳቸው። መጥረጊያቸውን ጥለው ግንባሬን ዳሰሱ። «ወባ ነው! ልጁን ወባ ይዞታል!» ብለው ጤና ጣቢያ ካልሄድክ አሉ። የባጃጅ ሾፌሩ «ምን ልትጠይቀኝ ነው፣ ዝም ብለህ ጠይቀኝ» አለኝ። መጋዘን ውስጥ ደግሞ ሊያገባ ነው፣ ሽማግሌ እየመለመለ ነው ተባለ፤ ሁለት ሰዎች ከነጋቢያቸው ለመሄድ ዝግጁ መሆናቸውን ነገሩኝ።

ያስተማረኝ ያ ረጅሙ የወሎ ተሸካሚ ነው። እሱን ሰላም ስለው እጄን ያዘ፤ አለቀቀም። «ደህና ነህ? ደህና? እንዴት ነህ ወንድሜ? ደህና ነህ ወይ?» የመጀመሪያው ደህና ከፍ ብሎ ይመጣል፣ እንደሚጠራ። ሁለተኛው ዝቅ ይላል፤ መልስ አይፈልግም፣ መዳፍህን እንደመጨበጥ ነው። ሦስተኛው በጣም ቀርቦ፣ ቶሎ፣ እንደ ሹክሹክታ። እኔ ደጋ ስላለችው እናቴ ስነግረው ደግሞ ምንም ቃል ሳያወጣ ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባል፣ «እህ!» ብሎ፤ ሰምቻለሁ፣ ቀጥል ማለቱ ነው። ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን፤ ስናደርገው ግን አንሰማውም። እኔ ያኔ ሰማሁት። እጄን አስለቅቄ ሮጥኩ። «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» ሲል ከኋላዬ ይሰማኛል።

ቤት ገብቼ መግቢያውን በአፌ አልኩት፤ በደህና ነህ። የመጀመሪያው አምስት ድምፅ መጥራት ነው። ተከታዩ አምስት ያንኑ ዝቅ አድርጎ መድገም ነው። አሥራ ሦስተኛው ላይ ደጋኑ ከክሩ ይነሣል፤ ያ ትንፋሽ ወደ ውስጥ መሳብ ነው፣ «እህ!»። አሥራ አራተኛውማ ወዲያ ማዶ ያለ ዘመድ በድንገት ሲያይህ የሚያሰማው ድምፅ ነው! ስንት ቀን እንደ ሚስማር ስመታው የከረምኩት! በቫዮሊኑ ሞከርኩት። እትዬ ሰሃኑን አቆሙ። «እንዴ፣» አሉ ከውጭ፣ «ይሄኛው ሌላ ዘፈን ነው?»

ቅዳሜው ደረሰ። ድንኳኑ ሐጂ ቤት ደጃፍ ላይ ተተክሏል፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ዝናብ ሊመጣ ፈልጎ እምቢ ያለበት ሙቀት። ክሮቹ በሙቀቱ ይረግባሉ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እቃኛለሁ። ባንዱ መሃል የፕላስቲክ ወንበር ሰጡኝ። ኦርጋን ተጫዋቹ በጥቁር መነጽሩ ላይ አየኝና ጆሮዬ ሥር «ስማ፣ ከከበደህ አትጨነቅ፤ አንተ ደጋኑን ብቻ አንቀሳቅስ፣ እኔ ቁልፏን ተጭኛታለሁ። ማን ያውቃል?» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ በእውነት ሊረዳኝ ነው። ላቤ አገጬ ሥር ቫዮሊኑን ያንሸራትተዋል፤ ለአፍታ እሺ ልለው ነበር። ግን ሐጂን አየኋቸው። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው፣ እኔ ላይ አይደለም። «ቁልፏን ተዋት» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ስለወጣ ከበሮ መቺው ሳቀ።

ሙሽራዋ በሩ ላይ ታየች። ጀመርኩ። ጠራሁ፣ ደገምኩ፣ ትንፋሼን ሳብኩ፤ አሥራ አራተኛው መጣ! ሃያ፣ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። ጨረስኩ። ደጋኑን አወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ዘፋኙ አፉን አልከፈተም። ሙሽራዋ ከበሩ አምስት እርምጃ ላይ ቆማለች። አንዲት አክስት ይዛታለች፤ ትከሻ፣ ጉንጭ፣ ትከሻ፣ ኬፍ፣ ተማም።

«ድገም!» አለኝ ከበሮ መቺው በጥርሱ።

«እንዴት?»

«እስክትቀመጥ ነዋ! ሐጂ እስክትቀመጥ ይደጋግሙት ነበር። አታውቅም?»

አላውቅም! ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማንም አልነገረኝም። ሐጂ ራሳቸው አልነገሩኝም፤ ሰው መተንፈስ እንዳለበት ለሰው አይነገርም። እኔ ያጠናሁት አንድ ጊዜ ነው። ከበሩ እስከ ወንበሯ ደግሞ ሠላሳ እርምጃና አንድ መቶ ዘመድ አለ።

ሁለተኛውን ጀመርኩ። ሦስተኛውን። ሙሽራዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ሌላ አክስት ያዘቻት። አራተኛው ላይ በዓይኔ ተከተልኳት፤ እስከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ያየሁትን ተጫወትኩት። አንዲት በጣም ያረጁ ሴት ሁለቱንም እጆቿን ይዘው ምንም ሳይሉ አዩዋት፤ ሁለተኛዎቹን አምስት ድምፆች ለእሳቸው ቀስ አድርጌ፣ እንደ መዳፍ አደረግኋቸው። አንድ ዝላይ የሚወድ የአጎት ልጅ መጣ፤ ለእሱ አፈጠንኩት። እንግዶች አንድ በአንድ ወደ ባንዱ መጥተው እንደ ሱዳን ሠርግ ደንብ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ጣታቸውን ከራሴ በላይ ያጮሁ ጀመር፤ ጥሩ ነው፣ በርታ ማለት ነው። ስድስተኛው ላይ አንዱ በጣም ቀርቦ ሲያጮህ አሥራ አራተኛውን አለፍኩት። ጣቴ ከቦታው በላይ፣ የትም ያልሆነ ቦታ ወጣች፤ ቫዮሊኑ ጮኸ። ሴቶቹም ጮኹ! እልልታ መሰላቸው፤ እልል ብለው መለሱልኝ፤ ድንኳኑ ቀለጠ። ሰባተኛው ላይ አውቄ እዚያው ቦታ ወጣሁ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ማሽላ እያቀያየርኩ የሸሸሁትን ስህተት፣ ደስ ብሎኝ፣ እየሳቅሁ። እነሱም እልል አሉ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጫወትኩት አላውቅም። ተነሥቼ ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሣሁ አላስታውስም። ኦርጋን ተጫዋቹ መነጽሩን አውልቆ ያጨበጭባል። ሙሽራዋ በመጨረሻ ወንበሯ ጋ ደረሰች። ቀሚሷን ሰበሰቡላት። ዘፋኙ ጉሮሮውን ጠረገና ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። እኔ ሃያ ሦስተኛውን ድምፅ ይዤ እንድትቀመጥ ጠበቅሁ።

አልተቀመጠችም። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ቆይ፣» አለች፣ «አንዴ ይድገመው።»

ሐጂ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ይስቁ ነበር፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ መናገር አልቻሉም፣ እጃቸውን ብቻ ወደ እኔ ወዘወዙ።

«ኧረ በአላህ!» አለ ዘፋኙ፤ ማይኩ ክፍት ስለነበር ድንኳኑ በሙሉ ሰማው። «እኔስ? እኔን ለምንድነው የጠራችሁኝ?» ማይኩን ከበሮው ላይ አስቀመጠና ሄዶ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ደጋኑን አነሣሁ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ ጀመርኩ።